ሌንሱ አይወልቅም፣ አቧራ አይገባውም የተባለው ኮምፓክት፦ ከ14 ወር በኋላ

ሰማዩ ላይ፣ በግራ በኩል ከላይ ሲሶው ገደማ፣ አንድ ግራጫ ክብ ነጠብጣብ አለ። ከእሱ በስተቀኝ ፈዘዝ ያለ ሌላ አለ። ሰማይ በገባበት ፎቶ ሁሉ እዚያው ናቸው፤ ወፍ ቢሆኑ ይንቀሳቀሱ ነበር። ካሜራው ባለ 1 ኢንች ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚቀይረው ቺፕ) ኮምፓክት፣ ማለትም ሌንሱ የማይወልቅ የኪስ ካሜራ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ አይደለምና። ሌንሱ እየወጣ እየገባ የሚሠራ ኮምፓክት ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው። ይህን የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ገረጋንቲው በሚጀምርበት ሰፈር ሆነው «ሚረርለስ ልግዛ ወይስ ጥሩ ኮምፓክት?» (ሚረርለስ ማለት ሌንሱ የሚቀየረው ነው) እያሉ ለሚያሰሉ ሰዎች ነው።

ሌላው ነገር ደህና ነው። 20 ሜጋፒክስሉ ኤ3 ወረቀት ላይ ታትሞ አያሳፍርም፤ በዩኤስቢ ስለሚሞላ መብራት በጠፋ ቀን ከፓወር ባንክ ይሞላል፤ ባትሪው 250 ፎቶ ያህል ያነሳል፤ ኪስ ይገባል። አለቀ።

ወደ ሻጩ ልምጣ። ካሜራ ሱቅ ገብቶ የመኖሪያ ሰፈሩን የተናገረ ሰው የሚሰማው አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ሚረርለስ ከወሰድክ ሌንስ በቀየርክ ቁጥር ሴንሰሩ ላይ አቧራ ይወርድብሃል። ያንተ ሰፈር ደግሞ አቧራ ነው። ይሄ ድፍን ነው፤ ሌንሱ አይወልቅ፣ በየት ይገባል?» አነጋገሩ ያሳምናል። በሌንሱ ይገባል፣ ወንድሜ። ካሜራው ሲበራ የሌንሱ ቱቦዎች አንዱ ከሌላው ውስጥ ተስበው ይወጣሉ። ያኔ ውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ይሰፋል፤ የሰፋውን የሚሞላው አየር ደግሞ በቱቦዎቹ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ከውጭ ይሳባል። ሲጠፋ አየሩ ተመልሶ ይወጣል፤ አብሮት የገባው ብናኝ ግን ሁሉም አይወጣም። የአንጥረኛ ወናፍ ማለት ነው፤ ወናፉ ከሰል ላይ ይተነፍሳል፣ ይሄ ሴንሰር ላይ። በቀን 30 ጊዜ ያበራና ያጠፋ ሰው ወናፉን 30 ጊዜ ነፍቷል፤ ዙሙን ሳንቆጥር።

የሚገባውም የቤት ውስጥ ብናኝ ብቻ አይደለም። በዚህ አቅጣጫ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና እንደ ዱቄት ይላማል። መንገዱ ላይ የተደፋው ገረጋንቲ በሲኖትራክ ጎማ እየተፈጨ ይነሳል። ብሎኬት ማምረቻ አጠገብ ከሆናችሁ ሲሚንቶም ይጨመራል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ይህ ሁሉ አየር ላይ ነው። በዚያ ላይ «ኪስ ይገባል» የተባለለት ኪስ አለ፤ የጃኬት ኪስ ጥጥ፣ የነጠላ ክር፣ የሳንቲም እድፍ። ኮምፓክቱን ለመግዛት ምክንያት የሆነው ኪስ ራሱ አንዱ የብናኝ ምንጭ ነው።

ነጠብጣቡ አንዳንዴ የሚጠፋበት ምክንያት ደግሞ ሰውን ያሞኛል፤ «ለቀቀኝ» ያሰኛል። ብናኙ የሚያርፈው ሴንሰሩን በሸፈነው መስታወት ላይ እንጂ ሴንሰሩ ላይ አይደለም። በመስታወቱ ፊትና በሴንሰሩ መካከል 1 ሚሊሜትር አለ እንበል። የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸሩ) ሰፍቶ ኤፍ 2 ሲሆን የብናኙ ጥላ ግማሽ ሚሊሜትር ላይ ተበትኖ ይሳሳል፣ ዓይን አያየውም። ቀዳዳው ጠቦ ኤፍ 11 ሲደርስ ያው ጥላ ወደ 0.09 ሚሊሜትር ይሰበሰብና ፎቶው ላይ 40 ፒክስል የሚጠጋ ክብ ይሆናል። የሴንሰሩ ትንሽነትም ያባብሰዋል። 1 ኢንች የሚሉት ሴንሰር ልኩ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ እውነተኛው ኢንች 25.4 ነው፣ ስሙ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ የተወረሰ ሆኖ ለሻጭ ተመቸ። ብዙዎቹ ሚረርለሶች የያዙት ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር 23.5 በ15.6 ገደማ ነው። እኩል የሆነች ብናኝ እንግዲህ ኮምፓክቱ ፎቶ ላይ 1.8 እጥፍ ትገዝፋለች። በነገራችን ላይ የፊተኛው ሌንስ ላይ የሚታየው አቧራ ፎቶ ላይ አይወጣም ማለት ይቻላል፤ ሰው ግን የሚወለውለው እሱን ነው።

ያገለገለ ኮምፓክት የምትገዙ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ ይህን አድርጉ። መደወያውን ኤ ላይ (አፐርቸሩን ራሳችሁ የምትመርጡበት እንጂ አውቶ አይደለም) አድርጉና አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው፣ ኤፍ 11 ድረስ፣ ዝጉ። አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) ዝቅተኛው ላይ፣ ብርሃኑን ወደ ፕላስ 1 አድርጉ። ፎከሱን በእጅ አዙራችሁ ደብዛዛ አድርጉት። ሌንሱን ወደ ንጹህ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ወረቀት አቅኑ፤ ሲያነሳ ካሜራውን ትንሽ አወዛውዙት፣ የወረቀቱ እድፍ ተደምስሶ የሴንሰሩ ብቻ እንዲቀር። ከዚያ አጉሉና ከጥግ እስከ ጥግ ተመልከቱ። ሻጩ «ስክሪኑ ነው» ካለ ሁለተኛ ፎቶ አንሱ። ነጠብጣቡ ስክሪኑ ላይ ከሆነ ፎቶውን አጉልታችሁ ስታንሸራትቱት ከቦታው አይነቃነቅም፤ ፎቶው ውስጥ ከሆነ አብሮ ይሄዳል።

አንዴ ከገባ በኋላ ያለው መላ መሸሽ ነው። ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ላይ ኤፍ 4 ከቅርብ እስከ ሩቅ የሚያጠራው ርቀት፣ ፉል ፍሬም በሚሉት ትልቅ ሴንሰር ላይ ኤፍ 11 የሚያጠራውን ያህል ነው። ስለዚህ ከኤፍ 4 በላይ መዝጋት ብዙ ጥቅም የለውም፤ ከኤፍ 5.6 ካለፈም ፎቶው ራሱ መለስለስ ይጀምራል። ችግሩ አውቶ ላይ ያለ ካሜራ ይህን አይጠይቃችሁም፤ ፀሐይ ባየ ቁጥር ይዘጋል። ኤ ላይ አድርጋችሁ ኤፍ 4 ላይ ያዙት። በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 125፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መከለያ) 1/2000 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል፤ የብዙዎቹ ኮምፓክት ሹተር መጨረሻም እዚያው ነው። ውስጡ ኤንዲ (ብርሃን የሚቀንስ) ፊልተር ያለው ከሆነ ሲበራ ብርሃኑን በ8 ያካፍላል፣ ሹተሩ ወደ 1/250 ይወርዳል። የተበላሹትን ፎቶዎች ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ለማጽዳት አንዱን አስተካክሎ እርማቱን ለሌሎቹ መገልበጥ ይቻላል፤ ነጠብጣቡ ቦታውን አይቀይርምና። ካሜራውን ወደ ቁመት አዙራችሁ ያነሳችኋቸውን ግን ለብቻ ያዙ፤ ነጠብጣቡም አብሮ ዞሯል።

ለቪዲዮ ግን መሸሻ የለም፤ እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የሚብሰው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው ፓል በሚባለው የቪዲዮ ስርዓት ላይ፣ 25 ፍሬም፣ ሹተሩ 1/50 መሆን አለበት፤ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣና ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሌላ ስርዓት ላይ የተተወ ካሜራ አዳራሽ ውስጥ የሚያብለጨልጨው ለዚህ ነው። በ1/50 ደጅ ላይ በቀትር ስትቀርጹ ኤንዲው በርቶም ካሜራው እስከ ኤፍ 9 ይዘጋል። ያኔ ነጠብጣቡ ይመጣል፤ ካሜራው ሲዞር ሰማዩ ይንቀሳቀሳል፣ ነጠብጣቡ ቆሞ ይቀራል። ቪዲዮ ላይ ደግሞ በቀላሉ አይነሳም። ሚረርለስ ላይ 64 እጥፍ የሚቀንስ ኤንዲ ሌንሱ አፍ ላይ አዙሮ ማሰር ነበር። አብዛኛው ኮምፓክት ግን ሌንሱ አፍ ላይ የፊልተር ጥርስ የለውም፤ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ቀለበት ካልተገኘ በቀር።

ገና አዲስ የያዛችሁ፣ ወናፉን አታብዙት። ያነሳችሁትን ለማየት የማብሪያውን ሳይሆን የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ብዙዎቹ ሌንሱን ሳያወጡ ይከፈታሉ። ባጃጅ ውስጥና መኪና ባለፈበት ጎን አታብሩት። ኪስ ውስጥ ስታስገቡ ዚፕ ባለው ትንሽ ላስቲክ ይሁን። አቧራ ከነካው፣ ከማጥፋታችሁ በፊት፣ ሌንሱ ወጥቶ ሳለ አፉን ወደ መሬት አድርጋችሁ ቱቦዎቹን በላስቲክ መንፊያ ንፉ፤ አለበለዚያ ቱቦው ሲገባ ላዩ ላይ ያለውን ይዞ ይገባል። በአፍ መንፋት ምራቅ ነው። የቫክዩም ማጽጃ ቱቦ ሌንሱ ላይ ደግኖ ዙም እያወጡ እያስገቡ መሳብ የሚባል ዘዴም አለ። አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ አዲስ አቧራ ያስገባል፣ የመከለያውን ቀጫጭን ቅጠሎችም ያጣምማል። አልመክርም።

«ታዲያ አስከፍቶ ማጽዳት ነዋ!» ይላል ሻጩ፣ አሁን ድፍን መሆኑን ረስቶ። ሲከፈት የሚሆነውን ልንገረው። ፍላሹን የሚመግበው ካፓሲተር 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፤ ባትሪው ከወጣ በኋላም ይቆያል፣ እጅ ያቃጥላል። ጀርባው ሲነሳ እንደ ወረቀት የሳሱ ገመዶች አሉ። ሴንሰሩ በብዙዎቹ ላይ በሦስት ብሎኖች ተይዟል፤ ከሥራቸው ትናንሽ ሞላ ወይም ስስ ቀለበት አለ። እነዚያ ለማጥበቂያ ሳይሆን ሴንሰሩን ከሌንሱ ጋር ቀጥ አድርገው የሚይዙ ናቸው። ጠጋኙ እያንዳንዱን ብሎን ስንት ዙር እንደፈታ ካልቆጠረ፣ ወይም አንዷን ቀለበት ከጣለ፣ አቧራው ይወጣና የፎቶው አንድ ወገን ደብዛዛ ይሆናል። ካሜራ አስከፍታችሁ ስትረከቡ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍታችሁ የብሎኬት ግንብ ፊት ለፊት አንሱና አራቱን ጥግ አወዳድሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካሜራው ወደ ገረጋንቲው ይመለሳል፤ በሚቀጥለው በጋ ያው ነው።

ሚረርለሱ ይቆሽሻል። ሻጩ እውነቱን ነው፤ ይቆሽሻል። ግን አፉ ይከፈታል። ባትሪው ሞልቶ፣ ከሜኑው የሴንሰር ማጽጃውን መርጣችሁ፣ አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ በላስቲክ መንፊያ አምስት ስድስት ጊዜ መንፋት ነው፤ የመንፊያው ጫፍ ወደ ውስጥ አይግባ፣ በጣሳ የታመቀ አየርም አይነካ፤ ፈሳሽ ይተፋል። አብዛኛው ደረቅ አቧራ በዚህ ይሄዳል። የቀረውን ለኤፒኤስ-ሲ በተሠራው 16 ሚሊሜትር ማጽጃ ላይ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ አድርጎ አንዴ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አገላብጦ አንዴ መመለስ ነው። ሳይነፉ መጥረግ ግን የድንጋይ ዱቄት መስታወት ላይ መፈግፈግ ነው። ነጠብጣቡን ስትፈልጉ ፎቶው ላይ ከላይ ያለው ሴንሰሩ ላይ ከታች ነው፤ ከፊት ሆናችሁ ስታዩት ግራና ቀኙ አይገለበጥም። ሌንስ መንገድ ላይ መቀየር ግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፉ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ፣ የሚገባውን ሌንስ ክዳን አላልታችሁ አዘጋጁ፣ ንጹህ ፌስታል ውስጥ እጃችሁን ከታችሁ ቀይሩ። ነጠላ ወይም ጋቢ አትከልሉበት፤ ክሩ ከአቧራው ይብሳል። እንደ ካነን ኢኦኤስ አር ያሉት ሲጠፉ ሹተሩን ሴንሰሩ ላይ ያወርዳሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን የወረደ ሹተር ላይ አትንፉ።

አብሮ የሚመጣው ተጣጣፊ ኪት ሌንስም ወናፍ መሆኑን አልክድም። ዙም የሌለው አንድ ትንሽ ሌንስ፣ ለኤፒኤስ-ሲ ከ23 እስከ 35 ሚሊሜትር ካሉት፣ ካሜራው ላይ ተገጥሞ ባይወልቅ ይሻላል። ኮምፓክት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል፣ ቱቦው የማይወጣ የማይገባ አለ፦ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የፉጂፊልም ኤክስ 100 ቪ ቀለበትና 49 ሚሊሜትር ፊልተር ሲታከልበት አቧራና ጠፈጠፍ እንዲቋቋም ተደርጎ ተሠርቷል። ዋጋው ግን የጥሩ ሚረርለስ ነው፣ ዙምም የለውም።

እንግዲህ ከአስፋልት ውጭ የምትኖሩ ሚረርለስ ግዙ። ይህን ብዬ ኮምፓክቱን ለመሸጥ ስነሳ ግን አንድ ነገር ይይዘኛል። ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ፍላሹ ከ1/1000 ጋር አብሮ ይሠራል፤ ሚረርለሱ በተለመደው ከ1/160 እስከ 1/250 ላይ ይቆማል። በጥር ቀትር ነጭ የአገር ልብስ የለበሰ ሰው ፊት፣ ካሜራው በልብሱ ንጣት ተታልሎ፣ ይጠቁራል፤ ብርሃኑን ብትጨምሩ ጥለቱ ይቃጠላል። አይኤስኦ 125፣ ኤፍ 5.6፣ 1/1000፣ ፍላሹ በርቶ፣ ሰውየው ቅርብ ሆኖ፦ ፊቱ ይወጣል፣ ጥለቱ ይተርፋል። ሚረርለሱ ይህን ለመሥራት ኤፍ 13 ድረስ ዘግቶ ትልቅ ፍላሽ መሸከም አለበት። ኤፍ 5.6 ላይ ደግሞ ነጠብጣቡ ይፈዛል፤ ፍሬሙን ሰው ከሞላው ጭራሽ አይታይም። አልሸጥኩትም። በዚፕ ላስቲኩ ውስጥ ነው፤ ሰማይ ለማንሳት አይወጣም።