ለእግር ተሳላሚ ምን ይገዛ? ስልክ፣ ጎፕሮ፣ ድምፅ መቅጃ ወይስ ደብተር

ለገና ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚነሣ ተሳላሚ ድሮ ስንቁ በሶና ቆሎ ነበር፤ አሁን ፓወር ባንክ ተጨምሮበታል። ሲመለስም ከጸበሉና ከእምነቱ ሌላ ቤይሩት ወይም ዱባይ ላለች እህቱ የሚልከው የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ቅጂ ይጠበቅበታል። ለዚህ ጉዞ ዕቃ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ሲያማክሩኝ የአብዛኞቹ ልብ ካሜራ ላይ ነው። እኔ ግን ለእግረኛ ድምፅና ባትሪ ከካሜራ ይቅደሙ ባይ ነኝ።

ከስልክ ልጀምር። ባለፉት አምስት ዓመታት የተሠራ ደህና ስልክ ካለዎት ለምስል ሌላ መግዛት አያስፈልግዎትም። በ1080 ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንደ አቀራረጹ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ከዚያ የላቀው ጥራት፣ ፎር ኬ የሚባለው፣ ሲሆን 170 ይደርሳል፤ ከዚያም ያልፋል። ቤተሰብ የሚያየው በእጅ ስልክ ስለሆነ ፎር ኬ ቦታ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም። የስልክ ድክመቱ ሌላ ነው፤ ሁሉም ነገር በእርሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጥሪው፣ ቴሌብሩ፣ ካርታው፣ በሌሊት ቁልቁለት ሲወርዱ መንገድ የሚያሳየው መብራት ሳይቀር ከአንድ ባትሪ ይቀዳል። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ደግሞ ስልኩ ምልክት ሲያስስ ብቻ ባትሪውን ይጨርሰዋል። በአውሮፕላን ሁነታ ያድርጉት፤ ፎቶ ማንሣቱም መቅረጹም አይቋረጥም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ ባትሪን ያደክማል፤ ሲተኙ ስልኩን ጋቢው ውስጥ ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉት።

ጎፕሮና መሰሎቹ ደረት ላይ የሚታሰሩ ትንንሽ ካሜራዎች ናቸው። እጅ ለበትር ነጻ ይሆናል፤ ምስሉ በእርምጃ አይናወጥም፤ አዳዲሶቹ ያለ ተጨማሪ ሽፋን 10 ሜትር ውኃ ውስጥ ቢገቡም አይበላሹም። ይሁን እንጂ የገና ዋናው ነገር ሌሊት ነው፤ በጧፍ ብርሃን የሚቆም ማኅሌት ነው። እነዚህ ካሜራዎች ደግሞ የብርሃን መቀበያቸው ትንሽ ስለሆነ በጨለማ የሚያወጡት ምስል የተድበሰበሰ ነው። ባትሪያቸውም ሳያቋርጡ ቢቀርጹበት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ባትሪ ካልገዙ ዋጋው አላለቀም ማለት ነው። ላሊበላ በታኅሣሥ ዝናብ የላትም፤ ውኃ የማይገባው ካሜራ እዚያ ትርፍ ወጪ ነው። ወደ ግሸን ማርያም የሚሄድ ሰው ግን ጉዳዩ ይለያል። መስከረም 21 ክረምቱ ጨርሶ አልወጣም፤ የአምባሰል አቀበት ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ ስልክን በየደቂቃው ከኪስ ማውጣት ያስፈራል። ለግሸን ተጓዥ ጎፕሮ ይግዛ እላለሁ፤ ለላሊበላው አልልም። አንድ ነገር ግን ከሁለቱም ጋር ይሄዳል፤ ደረት ላይ የታሰረ ካሜራ ሰዎች ሳያውቁ ይቀርጻቸዋል። ከእርስዎ ጋር የሚሄዱ እናት ተቀረጽኩ ብለው ቢቀየሙ ፍርዱ ከእርሳቸው ጋር ነው።

ድምፅ መቅጃ ብዙ ሰው የማያስበው ዕቃ ነው፤ እኔ ግን የምከራከርለት እርሱን ነው። በገና ጠዋት ቤተ ማርያም አጠገብ ካህናቱ ከፊሎቹ ከላይ ዐለቱ አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ቅጥሩ ውስጥ ቆመው ቤዛ ኩሉን ይቀባበላሉ። ያንን በስልክ ቀርጸው ያዳምጡት። ስልኩ የድምፁን መጠን በራሱ ስለሚያስተካክል ከበሮው በተመታ ቁጥር ዜማው ይሰምጣል፤ ከበሮው ጋብ ሲል የሕዝቡ ጫጫታ ያብጣል፤ ጸናጽሉ የቆርቆሮ ድምፅ ይሆናል። ዙምና ታስካም የሚሠሯቸው የእጅ መቅጃዎች መጠኑን እርስዎ ወስነው እንዲተዉት ይፈቅዳሉ። 32 ቢት ፍሎት የሚባለው ቀረጻ ያለው ከተገኘማ መጠን ማስተካከልም አያስፈልግም፤ ከበሮው ቢበረታም ድምፁ አይሰበርም። አንዳንዶቹ የሚሠሩት በየሱቁ በሚገኝ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ሲሆን እስከ 10 ሰዓት ይቀዳሉ። ስምንት ሰዓት ሙሉ የቆመ ማኅሌት በተለመደው ኤምፒ3 460 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከሦስት ደቂቃ ፎር ኬ ቪዲዮ ያንሳል። ጸጉራም የነፋስ መከላከያውን አብረው ይግዙ፤ አፋፍ ላይ ያለ እርሱ የሚቀዳው ነፋስ ብቻ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ለስልክ የሚሰካ የደረት ማይክራፎን አለ፤ ስለታቸውን የሚያጫውቱዎትን አዛውንት ለመቅዳት መልካም ነው፤ ለማኅሌት ግን አይሆንም።

ፓወር ባንክ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ አይመኑ። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ደህና ዕቃ ባለ 5,000 ባትሪ ስልክን ከአንድ ጊዜ ጥቂት አልፎ ይሞላል፤ በመሐል የሚባክን አለና። ባለ 20,000 ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ይሞላል። በመዳፍ ተይዞ 50,000 የሚል ጽሑፍ ያለበት ውሸት ነው። ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ ባለ 20,000 የተባለው ከ300 ግራም በታች ከሆነ ይተዉት። ጀርባው ላይ የተለጠፈችው የፀሐይ ሰሌዳም ጌጥ ናት፤ ለመሙላት በርካታ ፀሐያማ ቀን ትጠይቃለች። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ሰው አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 20,000 የሆነው 74 ገደማ ስለሆነ ያልፋል፤ ግን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም።

ደብተር ብዙ አያነጋግርም። ተሳላሚ አስቡኝ ያሉትን ሰዎች የክርስትና ስም ቀድሞም በወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ከጀርባው ያደረበትን መንደርና ያሳደረውን ቤት ይጻፍበት። እርሳስ ይሁን፤ የአንዳንድ እስክሪብቶ ቀለም በላብና በዝናብ ይፈሳል።

ለመላኩ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። በበዓሉ ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ስልኩን ሲያወጣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ ወልድያ ወይም ደሴ እስኪደርሱ ይታገሡ። በቴሌግራም ሲልኩ በቪዲዮ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩ፤ ጥራቱ አይቀነስም፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። የማኅሌቱ ቅጂ ሳይከፋፈል በአንድ ጊዜ ይሄዳል።