ለእንግዳ ሽሮ፦ ሸክላ ድስት ወይስ «ግራናይት»?

እንግዳ ጠርቼ ሽሮው እየተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ጥያቄው ይጀምራል። ድስቶቹ ከየት ናቸው? ስንት ገቡ? ምድጃ ላይ አይፈነዱም? ግራናይት አይሻልም? መመለስ ስለሰለቸኝ ለሁሉም እዚህ ልጻፈው። ከወዲሁ እወቁት፣ ወገንተኛ ነኝ። ለእንግዳ ሸክላ ነው።

በዋጋ እንጀምር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ግራናይት ድስት ዋጋው ለመጠየቅም ያስፈራል። ሻጩ ደግሞ «12 ፍሬ ነው» ይላችኋል። ቁጠሩት እስቲ። እፊያው አንድ ፍሬ፣ የፕላስቲክ ጭልፋው አንድ ፍሬ፣ አንዳንዱ ጋ ትኩስ መያዣው ጨርቅ ሳይቀር ፍሬ ነው። እንበልና 12 ሺህ ብር ቢሏችሁ አንዱ አንድ ሺህ ይመስላል። ድስት የሚባለው ግን አራት ብቻ ከሆነ አንዱን በ3 ሺህ ገዛችሁት ማለት ነው። ከአራቱም በየቀኑ የምትሠሩበት አንዱ ነው፣ የቀረው ቁም ሳጥን ያጣብባል።

ሸክላ ገና የሚገዛው በመቶዎች ነው። ለአንድ ሰው ሽሮ የምትበቃዋን ትንሿን ስድስት ብትገዙ የዚያን የአንዱን ግራናይት ድስት ዋጋ አትደርሱም። ግን ከየት እንደምትገዙ ለውጥ አለው። ቀጨኔ ከሠሪዎቹ እናቶች እጅ የምትገዙት ድስት ቦሌ የቤት ማስዋቢያ ሱቅ ገብቶ መብራት ሲበራበት ሌላ ዋጋ ይሆናል፣ ድስቱ ያው ነው። የበዓል ሰሞን አትሂዱ፣ ይወደዳል፣ የቀረውም ተመርጦ ያለቀ ነው። ደግሞ ከሠሪዎቹ ጋር ለአሥር ብር አትጨቃጨቁ። አፈሩን ተሸክመው፣ ፈጭተው፣ አሽተው፣ አድርቀው፣ አቃጥለው ነው። እሳት ውስጥ የሚሰነጠቀውም ኪሳራው የእነሱ ነው።

ግራናይት ስሙ ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም። አሉሚኒየም ላይ የተቀባ የማያጣብቅ ሽፋን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴፍሎን ነው፣ ነጠብጣቡ ለዓይን ነው። ደህናው ወፍራምና ከበድ ያለ ነው፣ ለእንቁላልና ለፓስታ አልጠላውም። ገበያውን የሞላው ግን ኮፒው ነው። ስስ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ቂጡ ያብጥና መወዛወዝ ይጀምራል። ታላቅ እህቴ የገዛችው ካርቶኑ ላይ የአውሮፓ ባንዲራ ነበረበት፣ ዓመት ሳይሞላው ተላጠ። የእኛ ቁሌት ለዚህ ዕቃ አልተሠራም። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን ሰዓታት ሙሉ በብረት ጭልፋ ስታማስሉበት ይፋቃል። ባዶውን ምድጃ ላይ ረስታችሁት ሙቀቱ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ደግሞ ቴፍሎኑ መበላሸት ይጀምራል። እህቴ ወደ ሱቁ ስትመልሰው «የአያያዝ ነው» አሏት፣ አለቀ። ጠጋኝ ጋ ብትወስዱት የመያዣውን ብሎን ያጠብቅላችኋል። ሽፋኑን የሚመልስላችሁ የለም።

ሸክላም ማጭበርበሪያ አለው። የደህናው ጥቁረት ከጭስ የመጣ ነው። ቀለም የተቀባም አለ፣ ስንጥቁ በቀለም የተሸፈነም አለ። ነጭ ሶፍት አርጥባችሁ ውስጡን እሹት፣ ጥቁር ቀለም ከለቀቀ አትግዙት። በጣታችሁ ጀርባ አንኳኩት፣ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ውኃ ሞልታችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ ሻጯ ብትቆጣም ጠብቁ። ቂጡንም እዩ። ክቡ ለከሰል ነው፣ ለኤሌክትሪክና ለቡታጋዝ ጠፍጣፋውን ምረጡ።

ቤት ስትገቡ ሳታሟሹ እንዳትሠሩበት። አጥባችሁ አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት፣ በዝግታ እሳት አሙቁት፣ እዚያው ይቀዝቅዝ። ከዚያ በኋላ ጠላቱ ድንገተኛ ነገር ነው፣ ትኩሱን ድስት ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ካስገባችሁት ተሰናበቱት። በሳሙና አትዘፍዝፉት፣ ሽታውን ይጠጣል። ቅቤም ይጠጣል፣ ስለዚህ ጿሚ ቤት ከሆነ የጾሙና የፍስኩ ድስት ለየብቻ መሆን አለበት። ይህን ዋጋው ላይ ደምሩት። ደምራችሁም ሸክላው ይረክሳል። ቢሰነጠቅም ገሉ ፍም ተደርጎበት ዕጣን ይጨስበታል፣ የተላጠ ግራናይት ምን ይሠራል?

ማቅረቡ ላይ ብዙ አትድከሙ። ትልቁን ወጥ በፈለጋችሁት ወፍራም ድስት ሥሩ፣ ዶሮውን ጭምር፣ እኔም ለቁሌት ተራ ወፍራም አሉሚኒየም ነው የምጠቀመው። ሽሮውን ብቻ በየትንንሾቹ ሸክላዎች አንተክትካችሁ ከምድጃ ቀጥታ አምጡት። ቅቤው መጨረሻ ላይ፣ ቃሪያው ከላይ። ከሥሩ የሰንደዶ ማስቀመጫ አድርጉ፣ አለበለዚያ ጠረጴዛችሁን ያቃጥላል። ለየእንግዳው የራሱ ድስት ሲቀርብለት ሌላ ጌጥ አያስፈልግም። ያኛውን በነጠብጣብ ያጌጠ ድስት ግን ጠረጴዛ ላይ ብታወጡት ገና ከማጀት ያልወጣ ነው የሚመስለው። ቄጠማ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ዕጣኑን ለቡናው አቆዩት፣ ሰው እየበላ አይጨስም።

ውጭ አገር ያላችሁና ኢንዳክሽን ምድጃ (ብረት ድስትን በማግኔት የሚያሞቀው) የገጠማችሁ፣ ሸክላው በቀጥታ አይሞቅላችሁም። ሽሮውን በሌላ ድስት ሠርታችሁ፣ ሸክላውን ኦቨን ውስጥ ከቀዝቃዛው ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አሙቁና ገልብጡበት። ከሰል ላይ እንደዋለው አይንተከተክም፣ ግን እስከ መጨረሻው ጉርሻ ትኩስ ነው። ሻንጣ ውስጥ ስታስገቡት ደግሞ ሆዱን በበርበሬና በሽሮ ፌስታል ሙሉት፣ ከውጭ በጋቢ ጠቅልሉት፣ እፊያውን ለብቻው።