ከጅማ ወደ ገጠር፦ ኤስኤምኤስ ወይስ ቴሌግራም?

ጅማ የሚሠራ ልጅ ማና ወይም ጎማ ወረዳ ላሉት ወላጆቹ የቡና ዋጋ ሲልክ ምርጫውን የሚወስነው በአባት እጅ ያለው ስልክ ነው።

ኤስኤምኤስ ዳታ አይፈልግም፤ የቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ስልኩ ተዘግቶ ከሆነ መልእክቱ ኔትወርኩ ላይ ቆይቶ ሲከፈት ይገባል። የሚያስቸግረው ፊደሉ ነው። አንድ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግዕዝ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። 71ኛዋ ስትጨመር ለሁለት ይከፈላል። ያኔ የእያንዳንዱ ክፍል አቅም ወደ 67 ይወርዳል፤ ቀሪውን ክፍሎቹን የሚያገጣጥመው መረጃ ይወስደዋል። በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የሚጻፍ አፋን ኦሮሞ ግን 160ውን ይጠቀምበታል። የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት አሮጌ ስልክ ደግሞ □□□ ብቻ ያሳያል፤ አማርኛን በላቲን የምንጽፈው ወደን አይደለም።

ቴሌግራም ስማርት ስልክና ዳታ ይጠይቃል። ግን ማንበብ ለማይችሉ እናት ድምፅ ይላካል፤ የጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ፎቶም ይመጣል። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ምልክቱን ግን ልብ በሉ፦ አንድ ጭረት (✓) መልእክቱ የቴሌግራም ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ደረሰ ማለት ነው እንጂ አባት ስልክ ገባ ማለት አይደለም፤ ሁለት ሲሆን (✓✓) መልእክቱ ተከፍቷል።

ለአስቸኳይ ዋጋ ኤስኤምኤስ ይሻላል። ቁጥሩን ከፊት ጻፉት፤ መልእክቱ ቢከፈል እንኳ ዋጋው በመጀመሪያው ክፍል ይገኛል።