በስፔን ገጠር በብስክሌት፦ ካሚኖ፣ የወይራው መስመር ወይስ ኦሆስ ኔግሮስ?

ፋሲካ ሲቃረብ ከፍራንክፈርትም ከስቶክሆልምም ስልክ ይበዛብኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ በስፔን ገጠር መኪና የማይረብሸው፣ ጥንታዊ መንደሮችን እያቋረጠ የሚሄድ የብስክሌት መንገድ የቱ ነው? ከጥያቄው ጋር ብዙ ጊዜ «የተደበቁ መንደሮች፣ ሰባት ቀን፣ 890 ዩሮ» የሚል ዓይነት ማስታወቂያ ተያይዞ ይመጣል። አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለውን ጥቅል ገዛ። በዚያ ሁሉ ገንዘብ ያገኘው የፍሬን ላስቲኩ ያለቀ ብስክሌት፣ ሻንጣ የሚያመላልስ መኪና እና ማንም ከኢንተርኔት በነጻ የሚያወርደው የመንገድ ካርታ ነበር። ካርታው የተቀዳ ለመሆኑ ማስረጃው፣ መጀመሪያ የነዳው ሰው መንገድ ስቶ ዞሮ የተመለሰባት ቅያስ እንኳ ሳትታረም አብራ መሸጧ ነው። ወዳጄም እዚያች ቅያስ ገብቶ ዞሮ ተመለሰ።

ስለዚህ ጥቅል አትግዙ። መንገዱ በነጻ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ብስክሌቱን እመንገዱ ጫፍ ለማድረስ፣ ከሌላኛው ጫፍ ለመመለስ እና መሀል ላይ ሲበላሽ ለማስጠገን ነው። መስመሮቹን የማወዳድረው በዚህ ሂሳብ ነው፤ በዚህ ሂሳብ ደግሞ የኔ ምርጫ በምሥራቅ ስፔን ካለችው ከቴሩኤል ከተማ ወደ ባሕር የሚወርደው ኦሆስ ኔግሮስ ነው። የወይራው መስመር ትንሽ ቢያስቸግረኝም አሸናፊው አልተለወጠም።

ካሚኖን፣ የሳንቲያጎን የተሳላሚዎች መንገድ፣ የማያውቅ የለም። የፈረንሳይ የሚባለው መስመር ከፒሬኔ ተራሮች ሥር ተነስቶ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ይደርሳል። እግረኛ የመጨረሻውን 100፣ ብስክሌተኛ የመጨረሻውን 200 ኪሎ ሜትር ከሄደ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ወረቀቱን የወሰደው ሰው 500,000 ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን ቁጥር እያየ «ጸጥታ ፈልጌ ካሚኖ ልሄድ ነው» የሚለኝን ሰው ምን እንደምመልስለት አላውቅም። የመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር ከሚጀምርባት ከሳሪያ ወዲያ ያለው መንገድ የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ነው፤ ደወል እየመቱ፣ ይቅርታ እየጠየቁ መዋል።

«ግን ርካሽ ነው» ይሉኛል። ማደሪያው ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ በሕዝብ አልቤርጌ (የተሳላሚዎች የጋራ ማደሪያ) አልጋ 10 ዩሮ ገደማ፣ በግሉ ከ15 እስከ 20 ይገኛል። ይሁንና በሕዝቡ አልቤርጌ ቅድሚያ የእግረኛው ነው። ብስክሌተኛ እግረኞቹ ገብተው እስኪያበቁ ደጅ ይጠብቃል፤ ከሞላ ደግሞ በደከመ እግሩ ወደ ግሉ ወይም ወደ ሆቴል ይሄዳል። ያቺ የ10 ዩሮ አልጋ በወረቀት ላይ ናት እንጂ ለኛ እምብዛም አትደርሰንም። ከዚያ የመመለሻው ጣጣ ይመጣል። የስፔን ፖስታ ቤት ብስክሌት በካርቶን አሽጎ ይልካል፤ አገልግሎቱ ደህና ነው፣ ግን ሂሳቡ የሁለት ሦስት ሌሊት ማደሪያ ይበላል። መንገዱ ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከክሩስ ዴ ፌሮ፣ ከ1,500 ሜትር ከፍታ ወደ ሞሊናሴካ ስትወርዱ የእግረኛውን ድንጋያማ መንገድ ትታችሁ በአስፋልቱ ውረዱ። አስፋልቱም ቢሆን ፍሬን ይፈትናል፤ ድንጋዩ ግን ጎማም ቸርኬም ይጨርሳል።

የሐዋርያውን የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስን መቃብር ለመሳለም የሚሄድ ካለ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ለመሳለም የሚሄድ ዋጋ አያወዳድርም። የካስቲያን ሜዳ ብቻ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ፍሮሚስታ ላይ ከካሚኖው ይውጣና የካስቲያን ቦይ ይያዝ። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1849 የተቆፈረ፣ 207 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውሃ ቦይ ነው፤ ዳርና ዳሩ ጀልባ ጎታች በቅሎዎች ይሄዱበት የነበረው መንገድ ዛሬ ለብስክሌት ይሆናል። ሜዳ ነው፣ ሰው የለውም፤ በሁለተኛው ቀን ግን ይሰለቻል።

ቀጥሎ ያሉት ሦስቱም ቪያ ቬርዴ ይባላሉ፦ የተተወ የባቡር መንገድ ተደልድሎ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሰጠ ማለት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ ዛሬ በመላው አገሪቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ሐዲዱ ሲቀየስ ተራራው ተቆርጧል፣ ተበስቷል፤ ድልድይም ተሠርቷል። የዚያ ዘመን ወጪ ዛሬ ለጉልበታችን ተረፈ።

የሲየራው መስመር፣ ከኦልቬራ እስከ ፑዌርቶ ሴራኖ፣ ፎቶው ከሁሉም ያምራል። 36 ኪሎ ሜትር ውስጥ 30 ዋሻ አለ፤ በዛፍራማጎን ገደል ላይ ጥንብ አንሳዎች ጎጆ ሠርተው ይኖራሉ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መሠራት ተጀምሮ አንድም ባቡር ሳይሄድበት ቀረ። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ጣቢያዎቹ ላይ ብስክሌት በርካሽ ይከራያል። ነገር ግን ዛሬም በዚያ ባቡር የለም። ወይ መኪና ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወይ በሄዳችሁበት ትመለሳላችሁ፣ ወይ ለታክሲ ትከፍላላችሁ። ለአንድ ቀን መንገድ ብሎ ከስቶክሆልም የሚመጣ ካለ ገንዘብ ተርፎታል።

የወይራው መስመር፣ ቪያ ቬርዴ ዴል አሴይቴ፣ ነው የሚያስቸግረኝ። ከሃኤን ከተማ እስከ ፑዌንቴ ሄኒል 128 ኪሎ ሜትር ነው። በሃኤን አውራጃ ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አለ ይባላል፤ መንገዱ በዚያ መሀል እየተጠማዘዘ በብረት ድልድዮች ላይ ያልፋል። ስለ መንደሮቹ ከሆነ፣ ቋጥኝ ላይ ግንቧን ተሸክማ የተቀመጠችውን ዙዌሮስን የሚያህል በኔ ምርጫም መስመር ላይ የለም። በሁለቱም ጫፍ የባቡር ጣቢያ አለ። ታዲያ ለምን አላሸነፈም? መሀሉ ላይ ባቡር የለማ! ሉኬ ወይም ዶኛ ሜንሲያ ላይ የሚበላሽ ብስክሌት ወይ እዚያው ይጠገናል፣ ወይ በሰው መኪና ወደ ከተማ ይሄዳል። ሙቀቱም አለ፤ ሐምሌና ነሐሴ 40 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። የወይራ ለቀማው ሲደርስ ደግሞ ትራክተሩ ይበዛል። በሚያዝያ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን ይህን ቢመርጥ አልቆጣም።

አሁን ወደ ኦሆስ ኔግሮስ። የዚህ መንገድ ታሪክ ራሱ የዋጋ ክርክር ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቢልባኦ ባለሀብቶች ሶታ እና አስናር በቴሩኤል አውራጃ፣ ኦሆስ ኔግሮስ አጠገብ፣ የብረት ማዕድን ያዙ። ማዕድኑን ወደ ባሕር ዳሯ ሳጉንቶ ሊያወርድ የሚችል ባቡር በአካባቢው ነበረ፤ ግን ከባቡሩ ኩባንያ ጋር በጭነት ዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ። «እንግዲያው የራሳችንን እንሠራለን» ብለው ከነባሩ ጎን ለጎን 204 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዘረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ሥራ ጀምሮ በ1972 ተዘጋ። ዛሬ ከዚያ 160 ኪሎ ሜትር ያህሉ የብስክሌት መንገድ ነው፤ ከስፔን ቪያ ቬርዴዎች ሁሉ ረጅሙ። ነባሩ መስመር ደግሞ አልተዘጋም፣ የስፔን ባቡር ድርጅት የሬንፌ የክልል ባቡር ይሄድበታል። ያ የድሮ ጥል ለኛ በጀን፦ ስትነዱ ባቡሩ አጠገባችሁ አለ። ጎማ ቢቀደድ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ጉልበት ቢከዳ፣ ገፍታችሁ የምትደርሱበት ጣቢያ ይኖራል። ስሟን ብቻ አይታችሁ ግን አትታለሉ፤ የሩቢየሎስ ዴ ሞራ ጣቢያ ከመንደሯ ብዙ ይርቃል።

አነዳዱ ከቴሩኤል ወደ ባሕር ነው፤ ግልባጩን የሚሞክር ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ1,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ከቴሩኤል ስትነሱ እስከ ኤስካንዶን፣ 1,218 ሜትር ድረስ፣ ቀስ ያለ አቀበት አለ፤ ከዚያ ወዲያ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ቴሩኤል እደሩ። በክርስቲያን ነገሥታት ሥር የሙስሊም ግንበኞች ጥበብ በጡብና በሚያብረቀርቅ ሸክላ የሠራቸው የሙዴሃር ማማዎች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ከግርጌያቸው ቆሞ ለማየት ትኬት አይጠየቅም። አንድ ቀን ትርፍ ካላችሁ አልባራሲን ሂዱ፤ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመደበኛው የመኪና መንገድ።

ከዚያ ወዲያ ሳሪዮን አለች፣ ቀጥሎ ባራካስ፣ ቀጥሎ በቫሌንሲያ ክልል ብቸኛውን የሙዴሃር ማማ የያዘችው ሄሪካ። ናባሃስ ላይ ፏፏቴ አለ። ሰጎርቤ የሃምሳ ቧንቧ ምንጭ አላት፤ በእያንዳንዱ ቧንቧ ላይ የአንድ የስፔን አውራጃ ዓርማ ተቀርጿል፣ እኔ ግን የምወደው ኮዳ ስለሚሞላልኝ ነው። ቪያ ቬርዴው ካለቀ በኋላ በገጠር መንገድ ጥቂት ነድታችሁ ሳጉንቶ ትገባላችሁ። ከከተማ ውጭ በመደበኛ መንገድ ላይ ሄልሜት ግዴታ ነው፤ መኪናም ሲያልፋችሁ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት።

ጉድለቱን አልደብቅም። አንዳንድ ቦታ የኤ-23 አውራ ጎዳና ድምፅ ይሰማል። ከቴሩኤል እስከ ባራካስ ጥላ የለም፣ ውሃም ቤትም ይራራቃል፤ ክረምቱ በስፔን ከታወቁት ብርዶች አንዱ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ፣ ግንቦት ወይም መስከረም መጨረሻ ይሻላል።

ሂሳቡ ይኸው፦ ከቫሌንሲያ ቴሩኤል ባቡሩ ከ20 ዩሮ በታች ነው። በሆስታል፣ በትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው፣ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ከ45 እስከ 65፤ ለሁለት ሲካፈል በሰው 30 ሂሳብ። የቀን ምሳው፣ ሜኑ ዴል ዲያ፣ ዳቦና መጠጥ ጨምሮ ከ12 እስከ 15፤ ምሳውን ጠግባችሁ ብሉና እራቱን ከሱቅ ቻሉት። ሦስት ሌሊት በሰው ከ200 እስከ 220 ዩሮ ይበቃል። ብስክሌት ከተከራያችሁ በቀን ከ20 እስከ 30 ጨምሩ፤ ስትረከቡ ፍሬኑን እዚያው ፊታቸው ፈትኑ።

አሁን ስለ ኩርንችት። አዎ፣ ያው አገር ቤት እግር የሚወጋው ኩርንችት፤ በደረቁ የስፔን ገጠር ሞልቷል፣ በመንገዱ ዳር ተኝቶ ይጠብቃል። ብስክሌት ስታቆሙ ሣር ላይ አትግፉ። ትርፍ የውስጥ ጎማ ሁለት፣ መለጠፊያና መንፊያ ያዙ፤ ጎማው ውስጥ የሚጨመረው ማሸጊያ ፈሳሽ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ መወጋቱንም ሳያውቅ ያልፋል። መንደር ውስጥ የብስክሌት ጎሚስታ የለም። የዕቃ ሱቁ መለጠፊያ ይሸጥላችኋል፤ እሱም ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ከሰዓት በኋላ በስፔን አቆጣጠር ተዘግቶ ይውላል፣ እሁድ ጭራሽ አይከፈትም።

«እሾህ የማይበሳው» እየተባለ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውን ጎማ ተዉት። አንዱ አብሮ ተጓዣችን ያመጣው ጎማ ስሙና ጽሑፉ የታወቀው ፋብሪካ፣ ላስቲኩ ግን የማን እንደሆነ እንጃ፤ እሾህ ሳይነካው ጎኑ ተሰንጥቆ ባራካስ ላይ ጨጓራው ወጣ። ሰንሰለትም እንዲሁ በሐሰተኛ ስም ይሸጣል፦ ማያያዣው ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዛዛ ከሆነ፣ አንዳንዱ ማጠፊያ በእጅ ሲታጠፍ ከገተረ፣ መልሱት። አንዲት ዕቃ ደግሞ ከቤት ሳትይዙ አትውጡ፦ የኋላውን የማርሽ መቀየሪያ ከብስክሌቱ አካል ጋር የምታያይዘው ትንሽ ብረት። በየሞዴሉ ትለያያለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ስትሰበር ግን ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ ገጠር ይቅርና ከተማም ወዲያው ላትገኝ ትችላለች።

ለጿሚ። ጥሩው የመንጃ ጊዜ አንዳንድ ዓመት ከሁዳዴ ጋር ይገጣጠማል፤ በሌላውም ጊዜ ረቡዕና ዓርብ አሉ። የስፔን ገጠር «ሥጋ የለውም» ሲል ካም፣ ያው የአሳማ ጭን፣ ሥጋ አይመስለው። ምስሩ ቾሪሶ የሚባል የአሳማ ቋሊማ አለበት፣ ሰላጣው ቱናና እንቁላል፣ ሳልሞሬሆ የሚባለው ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ካም ተነስንሶበት ይመጣል። አስቀድማችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። የማያሳፍረው ቲማቲም የተፈጨበት ዳቦ በወይራ ዘይት ነው። በምግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የወይራውን መስመር አስቀድም ነበር፤ ቴሩኤል የካም አገር ነው።

ቲኬት ስትቆርጡ ከሆስታሉ በፊት የባቡሩን ያዙ፣ የብስክሌቱንም ቦታ አብራችሁ፤ በአንድ ባቡር ላይ የሚፈቀደው ብስክሌት ጥቂት ነው። ይህ መስመር ለእድሳት የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የሚተካው አውቶቡስ ነው፣ አውቶቡሱ ደግሞ ብስክሌት የመጫን ግዴታ የለበትም። ከማድሪድ ወይም ከባርሴሎና በፈጣኑ ባቡር ቫሌንሲያ የምትገቡ ከሆነ ብስክሌቱ ተፈታትቶ በከረጢት መሆን አለበት።