የእማዬን ስልክ ከእህቴ ጋር ላገናኘልን ልጅ ምስጋና (ላፕቶፕና ስልክ ለምታሰሩ ጥቆማ)

ሰላም ናችሁ ወገን። እኔ እንደዚህ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ግን ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እማዬም አትለቀኝም። ላፕቶፕና ስልክ የሚሰራ ልጅ ነው፣ መገናኛ አካባቢ። ሱቁ ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚቆመው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ «እባክሽ እህቴ እሱን ተይልኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሰው ከበዛ አልችልም» ብሎኛል። የምትፈልጉ በውስጥ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ታሪኩን ስሙኝ፣ አጭር አይደለም።

እማዬ ለዓይኗ ሕክምና ብላ ከደሴ ከመጣች ዓመት ሊሞላት ነው፣ ኮተቤ እኔ ተከራይቼ ከምኖርበት ቤት ነው ያለችው። ታናሽ እህቴ ቤሩት ናት፣ ሰው ቤት ትሰራለች፣ ስድስት ዓመቷ። እሁድ እሁድ እረፍት አላት፣ በሌላው ቀን ግን ማዳሟ ስትተኛ ወይ ስትወጣ ጠብቃ ነው በኢሞ የምትደውለው፣ ሰዓት የለውም። እማዬ ስልኳን ጉያዋ ይዛ ነው የምትውለው። ስልኩንም የላከችላት እህቴ ናት፣ ከመጀመሪያ ደሞዟ፣ አሮጌ ነው ግን አስቀይሪው ብትሏት ትጣላችኋለች።

ግቢው ውስጥ የአከራያችን የሽቦ ኢንተርኔት አለ፣ በቤት ስልክ መስመር የሚመጣው፣ እኛም እያዋጣን እንጠቀማለን። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ በአንዴ ቦግ ብሎ መጣና ራውተሩን መታው። የሚገርመው ሙሉ በሙሉ አልሞተም፣ ኬብል ስትሰኩበት ይሰራል፣ ዋይፋዩ ብቻ ነው የጠፋው። ለአከራያችን ነገርናቸው፣ «ይቀየራል» አሉ። ይኸው ይቀየራል እንደተባለ አምስት ወሩ።

እኔ ቤት ሆኜ ነው የሒሳብ ሥራ የምሰራው፣ ለኔ ኬብሉን ላፕቶፑ ላይ መሰካት በቂ ነው። ችግሩ የእማዬ ነው። ካርድ ሙይላት፣ ፓኬጅ ግዢላት ትሉኛላችሁ፣ ሞልቻለሁ! ግን የሷ ክፍል በስተኋላ ነው፣ ኔትወርኩ አንድ ዘንግ ብቅ ጥልቅ ነው የሚለው። የእህቴ ድምፅ ይመጣል፣ ፊቷ ግን ይደርቃል፣ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች፣ እማዬ ደግሞ በደረቀው ፊት ላይ አፍጥጣ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ፣ ምነው ከሳሽ» ትላለች፣ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ሁሉ እሱን ፊት እያሰበች ስትተክዝ ታመሻለች።

የአጎቴ ልጅ ነው «ላፕቶፑ ራሱ እኮ ዋይፋይ ይረጫል፣ በኬብል የገባለትን ለስልክ ያካፍላል» ያለኝ። እኔ ሆትስፖት የሚባለው ስልክ ላይ ብቻ ያለ ነበር የሚመስለኝ! ዊንዶውስ 10 ላይ እዛው ውስጡ አለ፣ ምንም አይጫንም፣ ምንም አይገዛም። እሱ በስልክ እየነገረኝ አበራሁት፣ የኔ ስልክ ወዲያው አገኘውና ገባ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የእማዬን ስልክ አመጣሁ... የለም። የጎረቤቱን ዋይፋይ ሁሉ ደርድሮ ያሳያል፣ የኛን ግን አያየውም። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፣ እማዬ ጸበል ሁሉ ልትረጨው ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው መከራዬ የጀመረው። የየሱቁን ስም አልጠራም፣ እግዜር ይፍረደን ብቻ። የመጀመሪያው ጋ ስልኩን ወስዶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ዋይፋዩ ሞቷል» አለኝ፣ ለማየት ብቻ 300 ብር ተቀበለኝ። ሁለተኛው ደግሞ «አይሲ ነው፣ ይቀየራል» (ስልኩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ ናት) ብሎ 1,800 ብር ተቀብሎ ስልኩን አራት ቀን አስቀመጠው። አራት ቀን! እህቴ ትደውላለች፣ የእማዬ ስልክ ዝግ ነው። እኔ «ደህና ናት፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው» ብላት ልታምነኝ ነው? ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ እንደሚደበቅ ታውቃላችሁ፣ አባታችን ሲሞትም እኮ ሁለት ወር ነው የደበቅናት። በኔ ስልክ እማዬን እስካሳያት ድረስ እሪ እያለች ነበር፣ እማዬ ስክሪኑ ላይ ስትመጣ ደግሞ የባሰ አለቀሰች። አይሲው ተቀየረ የተባለው ስልክ ቤት ሲመጣ ያው ነው፣ የኛን ላፕቶፕ አያይም። ስመለስበት «እንግዲህ ላፕቶፕሽ ነው» አለኝ።

ላፕቶፕሽ ነው ተብዬ ሦስተኛው ጋ ሄድኩ። ፎርማት ይደረግ አለ፣ 700 ብር። ዕቃዬ አይጠፋም ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ በእመቤቴ፣ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅኩት፣ «አይነካም» አለኝ። የአባዬ ፎቶዎች በሙሉ ሄዱ። «ባክአፕ አላደረግሽም እንዴ?» አለኝ፣ እንደ ጥፋተኛ፣ ስልኩን እየነካካ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሰው እያየኝ ነው ያለቀስኩት። አራተኛው ብቻ ነው ገንዘብ ያልወሰደብኝ፣ እሱ «አዲስ ስልክ ግዙላት» ብሎ ዋጋ ነገረኝና ወጣሁ። ደምሩት እንግዲህ፣ 2,800 ብር ወጥቶ የተገኘው ነገር ዜሮ።

ይሄን ልጅ ያገኘሁት ፈልጌ አይደለም። እማዬን ከዓይን ሕክምና ይዣት ስመለስ መገናኛ ላይ ዝናቡ ጣለ፣ ሱቁ በር ላይ ተጠለልን። ልጁ ወጥቶ አያት፣ ወንበሩን አንስቶ «እማማ ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ» አላት፣ እሱ ቆሞ መሥራት ቀጠለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጠች፣ ምንም ሳንገዛ ምንም ሳንል። እማዬ ናት የጀመረችው፣ «ልጄ፣ ስልክ ትሠራለህ? የኔን ስልክ እኮ ገደሉብኝ» አለችው። ላፕቶፑን በማግስቱ አምጡት አለን፣ እማዬም ካልሄድኩ ብላ አብራኝ መጣች።

አሁን ይሄን ልብ በሉ። ስልኩን አልከፈተውም። ብሎን መፍቻ እንኳ አላነሳም። የዋይፋዩን ዝርዝር አየና «ይሄ ስልክ የዚህን ሰፈር ዋይፋይ ሁሉ እያሳየኝ ነው፣ ታዲያ ምኑ ነው የሞተው?» አለ። እኔ አፈርኩ፣ ይሄን እኮ እኔም በዓይኔ እያየሁት ነበር! ከዛ የራሱን ኬብል ላፕቶፔ ላይ ሰካና ሆትስፖቱን አበራ፣ ከመሳቢያው አንድ የድሮ ስልክ አወጣ፣ ያም ስልክ የኛን ላፕቶፕ አላየውም። «ሁለት ስልክ በአንድ በሽታ አይታመምም» ብሎ ሳቀና ላፕቶፑ ላይ አንድ ነገር ቀየረ። አንድ ነገር ብቻ። የእማዬ ስልክ ላይ የላፕቶፑ ስም ብቅ አለ።

ምን እንዳደረገ አስረድቶኛል፣ እኔ ግማሹን ነው የያዝኩት። ዋይፋይ የተለያየ ሞገድ አለው፣ የተለመዱት 2.4 እና 5 የሚባሉት ናቸው፣ የድሮ ስልኮች ብዙዎቹ 5ቱን ጭራሽ አያዩትም፣ ላፕቶፑ ደግሞ በ5ቱ ላይ ነበር የሚረጨው፣ ልጁ ወደ 2.4 ቀየረው። የኔ ስልክ አዲስ ስለሆነ ያያል፣ የእማዬ አያይም። ስልኩም ደህና፣ ላፕቶፑም ደህና፣ አይሲው የኔ ኪስ ነበር። አይሲው ራሱ ተቀይሮ ይሁን አይሁን እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ልጁን ስጠይቀው ዝም አለ፣ የሰው ሥራ አያማም።

እኔን ግን ከሞገዱ በላይ የገረመኝ ፓስወርዱ ነው። ፓስወርዱ ከ8 ፊደል ማነስ የለበትም አለ፣ እማዬ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል አትለይም፣ ቁጥር ነው የምታውቀው፣ ዓይኗም ገና ነው። እኔ «ግድ የለም እኔ አስገባላታለሁ» ስል «አይ፣ አንቺ ባትኖሪስ?» አለና ወደሷ ዞሮ «እማማ፣ ልጆችዎ የተወለዱበትን ዓመተ ምሕረት ያስታውሳሉ?» አላት። እንዴት አላስታውስ አለች። የሁለታችን ዓመት አራትና አራት ቁጥር፣ ስምንት ሞላ! እማዬ የእህቴን ዓመት አስቀደመች፣ እኔ ነኝ እኮ ታላቋ፣ ግን ቅር አላለኝም። ራሷ በጣቷ አንድ በአንድ አስገባችውና ተገናኘ። (እንዳትሞክሩት፣ አሁን ቀይረነዋል።)

ሌላም ነገር አስተካክሎልናል፣ ስልክ ሳይኖርበት ሲቀር ሆትስፖቱ ራሱን እንዳያጠፋ፣ ክዳኑ ሲዘጋም ላፕቶፑ እንዳይተኛ። እስከ 8 ስልክ ድረስ ይችላል አለኝ፣ ብዙ ሲሆን ግን መስመሩ ያው አንድ ነው፣ ይዳከማል፣ ጎረቤት አታስገቡ አለ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ራውተሩ ስለሚሞት ኢንተርኔት አይኖርም፣ ያኔ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትመጡ ብሎ አስቀድሞ ነገረን። ስንቱ ነው በዚህ እንኳ ገንዘብ የሚበላው።

ስንት ስለው 150 ብር አለኝ። ጨምሬ ስሰጠው መለሰልኝ። እማዬ ቆማ መረቀችው፣ እጅህ ይባረክ፣ የሰው ፊት አያሳይህ፣ የእናትህ ጧሪ ያድርግህ፣ ደንበኛው ሁሉ አብሮ አሜን ይላል፣ ሱቁ ጸበል የሚረጭበት ቤት መሰለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃም ባመሰገንኩት ነበር፣ ግን አላበቃም። ባለፈው ወር አንድ እሁድ እኔ ለቅሶ ሄጄ እማዬ ብቻዋን ናት። ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጥቷል፣ ላፕቶፑም ባትሪው አልቆ ጠፍቷል፣ እህቴ የምትደውልበት ሰዓት ደርሷል። እማዬ እኔን አልደወለችልኝም፣ ለሱ ደወለች! እሁድ ቀን፣ የእረፍት ቀኑ ላይ። ልጁ ደግሞ ነገ ይምጡ አላላትም። ላፕቶፕ ነክታ የማታውቅ ሴትዮ በስልክ እየመራ አስነካት፣ እንዴት እንደሆነ ማታ ስመለስ እየተንጠባረረች ነገረችኝ። «ከታች በቀኝ በኩል ትንሽ ቴሌቪዥን የምትመስል ነገር አለች፣ አዩዋት እማማ?» «አየኋት።» «ጣትዎን የጋለ ምጣድ እንደሚነኩ ቀስ አድርገው እዛች ሜዳ ላይ ይጎትቱ፣ አሁን ነካ ያድርጓት።» ከሚወጡት ሳጥኖች የመጨረሻውን ይንኩ አላት፣ ሰማያዊ ሆነች፣ በቃ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጅቷል አለችኝ፣ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ሌላ ነገር ከፍታ ሁለት ጊዜ አዘጋት፣ አንዴም አልጮኸባትም። እኔ ልጇ ሆኜ እንኳ ግማሽ ሰዓት አልታገስም፣ እውነቱን ልናገር።

እህቴ ያን ቀን ስትደውል እማዬ የመጀመሪያ ወሬዋ «እኔ ነኝ የከፈትኩት» ነበር አሉ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

አሁን ላፕቶፑ የኔ መሆኑ ቀርቷል። እማዬ ዳንቴል አልብሳዋለች፣ ልጁ ስልክ ላይ ሲሰማ «ኧረ እማማ ይግላል፣ አይሸፈንም» ብሎ በስንት ልመና አስነሳት። ክዳኑ ቢዘጋም ችግር የለውም ቢባልም አታምንም፣ ሥራ ጨርሼ ልዘጋው ስል እጄን ትመታለች።

ስለዚህ በናታችሁ፣ ላፕቶፓችሁ ወይ ስልካችሁ ከተበላሸ፣ ወይ ተበላሸ ከተባላችሁ (ሁለቱ ይለያያል!)፣ ሰው ሳይቦጭቃችሁ እሱ ጋ ሂዱ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አለ፣ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ። ወረፋ ሊኖር ይችላል፣ ታገሱት፣ የያዘውን ሳይጨርስ የሌላ አይቀበልም። የማይሠራውን አልሠራም ይላል፣ የሚሠራውን ደግሞ እያሳያችሁ ነው የሚሠራው፣ ዕቃችሁን ደብቆ ጓሮ አይወስድም። ፎርማት የሚያስፈልግ ከሆነ መጀመሪያ ዕቃችሁን ያወጣላችኋል፣ የአባዬን ፎቶ ነገር ስነግረው እንደራሱ ነው ያዘነው፣ አንዳንዱ ይገኝ እንደሆነ ልሞክርልሽ ብሎ ላፕቶፑን ሁለት ቀን ይዞ አስራ አንድ ፎቶ አውጥቶልኛል። አስራ አንድ! አንዱ ላይ አባዬ ደሴ ቤታችን በር ላይ ቆሞ እየሳቀ ነው። ለዚህም ገንዘብ አልተቀበለኝም፣ እማዬ ዳቦ ጋግራ ነው የላከችለት።

በድጋሚ እግዚአብሔር ይስጥልን ወንድሜ፣ ይሄን እንደምታነብ አውቃለሁ። እማዬ «እሁድ ለቡና ይምጣ፣ ቀርቷል በይው» ብላለች፣ ሦስተኛዋ ነው ስትጠራህ፣ አሁን ብትቀር ራሷ ነው የምትመጣው።

ጋሼ አከራያችንም ምናልባት ይሄን ካነበቡ፣ ራውተሩ አሁንም አልተቀየረም።