አናርኪዝምና ሶሻሊዝም፦ ጠባቸው በመንግሥት ላይ ነው

ሁለቱም ካፒታሊዝምን ይቃወማሉ። ፋብሪካና መሬት የጥቂት ባለሀብቶች መሆኑ ማብቃት አለበት ይላሉ። እንዲያውም ብዙ አናርኪስቶች ራሳቸውን ሶሻሊስት ብለው ይጠራሉ።

አብዛኞቹ ሶሻሊስቶች መንግሥትን እንደ መሣሪያ ያዩታል። በምርጫም ሆነ በአብዮት ሥልጣን ይዘው ሀብቱን የጋራ ሊያደርጉ ይፈልጋሉ። አናርኪስቶች ግን ማንም ይያዘው ማን፣ መንግሥት ራሱ ጨቋኝ ነው ባይ ናቸው። በፈቃደኝነት የተሳሰሩ ማኅበራት ይተኩት ይላሉ።

ሶሻሊስቱ ካርል ማርክስና አናርኪስቱ ሚካኤል ባኩኒን ከተጣሉባቸው ጉዳዮች ዋናው ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 በሄግ ጉባኤ ባኩኒን አንደኛው ኢንተርናሽናል ከተባለው ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ማኅበር ተባረረ። አብዮተኛ መንግሥት አዲስ ገዢ መደብ ይወልዳል ብሎ ያስጠነቀቀውን የሶቭየት ኅብረት ታሪክ እውነት አድርጎታል ብዬ አምናለሁ።

አናርኪስቶችም እ.ኤ.አ. በ1936 በስፔኗ ካታሎኒያ ብዙ ፋብሪካዎችን በሠራተኞች ኮሚቴ አስተዳድረዋል። ሰፊ አገርን ያለ ማዕከል ለረጅም ጊዜ መምራት ግን እስካሁን አልሆነላቸውም።