አምበሉ ከፊት ይሁን ከኋላ?

ጅማ ላይ ሐምሌ ሲገባ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፤ እኛም ቡና ይዘን ወሬ ነው። ሰሞኑን ክርክራችን ራግቢ (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ) ሆኗል፦ ለአዲስ የውድድር ዘመን የሚዘጋጅ ቡድን አምበሉን ከየት ይምረጥ? ከ15ቱ 8ቱ ከፊት ይገፋፋሉ፣ 7ቱ ከኋላ ይሮጣሉ።

ከፊት ሲሆን፦ ግፊያው ውስጥ ስለሆነ ዳኛው ቅርቡ ነው። ዳኛ ማናገር ደግሞ የአምበሉ ሥራ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2023 የዓለም ዋንጫን ያነሳችው በሲያ ኮሊሲ አምበልነት ነው፤ እሱ የፊት ሰው ነው። ችግሩ ድካም። ፊት ያሉት ብዙ ጊዜ ይቀየራሉ። ጨዋታው ሲጦዝ አምበልህ ተቀያሪ ወንበር ላይ ፎጣ ለብሶ ታገኘዋለህ።

ከኋላ ሲሆን፦ ሜዳው ወለል ብሎ ይታየዋል። ቅጣት ሲገኝ መትቶ 3 ነጥብ መውሰድ ወይስ ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሻግሮ መሬት ለማስነካት፣ ለ5 ነጥብ መሄድ? ትንፋሹ ያልተቆረጠ ሰው ይሻላል። ግን ፊት ላይ ጠብ ሲነሳ እሱ ሩቅ ነው።

9 ቁጥር ለባሹ ኳሱን ከፊቶቹ ተቀብሎ ለኋላዎቹ የሚያቀብል፣ የሁለቱ መሀል ሰው ነው፤ የፈረንሳዩ አንትዋን ዱፖን ለዚህ ይመቻል።

ልጆች የበዙበት ቡድን ከሆነ ከፊት፣ አብሮ የቆየ ከሆነ ከኋላ። ጓደኛዬ ግን «በረኛ የለም እንዴ?» አለ።